ጎህ ወይስ ጀምበር፣ ቀረብ ወይስ ራቅ፦ የራስን የባሕር ዳር ፎቶ ስታይል ለመምረጥ

ባሕር ዳር ፎቶ ማንሳት የሚወድ ሰው የራሱን ስታይል መፈለግ ሲጀምር ቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ካሜራ ነው። «ስልኬ ይበቃል ወይስ ካሜራ ልግዛ?» ይላል። ጥያቄው መጥፎ አይደለም፤ ተራው ግን መጨረሻ ላይ ነው።

እስቲ ስልካችሁን ክፈቱና የባሕር ፎቶዎቻችሁን እዩ። አብዛኞቹ ጀምበር ስትጠልቅ የተነሱ ናቸው አይደል? አድማሱ መሃል ላይ ነው። ሌንሱ ካሜራው ሲከፈት የሚመጣው ነው። ሰው ካለ ጀርባውን ለባሕሩ ሰጥቶ ቆሟል። የጓደኛችሁም ጋለሪ እንደዚሁ ነው። ችሎታ ጎድሎ አይደለም። ማናችንም ስላልመረጥን ነው። ስልኩና ሰዓቱ መረጡልን።

ስለዚህ እዚህ የማወዳድረው ምርጫዎቹን ነው። በስንት ሰዓት መውጣት ይሻላል? ከሰው ምን ያህል መራቅ? ቀለም ይኑር ወይስ አይኑር? ከዚያ በኋላ ወደ ካሜራው እንመጣለን። የምጽፈው ለባለሙያ አይደለም። በእሑድ ዕረፍቷ ቤይሩት ኮርኒሽ ላይ ለምትንሸራሸር፣ ከዋሺንግተን ቤተሰብ ጭኖ ኦሽን ሲቲ ለሚወርድ፣ ከሥራ መልስ ጁሜይራ አሸዋ ላይ ጫማውን ለሚያወልቅ ሰው ነው። አዋሳ ሐይቅ ዳር ያላችሁም ብትሆኑ ብዙው ነገር ይሠራላችኋል።

ባሕራችሁ ወዴት ነው የሚያየው?

ከሁሉ በፊት ይሄን እወቁ። ዱባይ፣ ጅዳ፣ ቤይሩት፣ ቴል አቪቭ፣ ነታንያ ላይ ፀሐይ የምትጠልቀው ወደ ባሕሩ ነው። ኦሽን ሲቲና ቨርጂኒያ ቢች ግን ምሥራቅ ያያሉ። እዚያ ፀሐይ ከአትላንቲክ ውስጥ ትወጣለች፣ ከኋላችሁ ትጠልቃለች። አዋሳ ከተማ በሐይቁ ምሥራቃዊ ዳርቻ ላይ ስለሆነች ጀምበሯ ውኃው ማዶ ነው የምትገባው፤ ከዱባይ ጋር ትመደባለች።

ምዕራብ የሚያይ ባሕር ምቹ ነው። ሰው ሥራውን ጨርሶ፣ በልቶ ጠጥቶ፣ ተረጋግቶ መጥቶ ጀምበሯን ያገኛል። ችግሩም ይኸው ነው። ሁሉም በዚያ ሰዓት ይመጣል፣ ሁሉም ፀሐይዋን ፊት ለፊት ያነሳል፣ ሰዉ ሁሉ ጥቁር ጥላ ሆኖ ይወጣል። አንድ ሁለት እንዲህ ዓይነት ፎቶ ያምራል። ሃምሳ ሲሆን ግን የማንም ነው።

ጎህ ላይ የሚወጣ ሰው የተለየ ነገር ያገኛል። ምዕራብ በሚያይ ባሕር ዳር ጠዋት ፀሐይዋ ከከተማው በኩል ነው የምትመጣው። ከጀርባችሁ ሆና ባሕሩን ፊት ለፊት ታበራዋለች። ውኃው ትክክለኛ ቀለሙን ይሰጣል፤ ወደ እናንተ ዞሮ የቆመ ሰው ፊትም ይበራል። ሰው የለም ማለት ይቻላል፤ ሯጮች፣ ዓሣ አጥማጆች፣ አሸዋውን የሚያጸዱ ሠራተኞች ብቻ ናቸው። ኦሽን ሲቲ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። ይህን ብርሃን እዚያ የምታገኙት ከሰዓት በኋላ ነው። ሰሜን በኩል ረጃጅም ሕንፃዎች በተሰለፉበት ቦታ ግን ቀኑ መሸት ሲል የሕንፃዎቹ ጥላ አሸዋው ላይ ይወድቃል። ብዙ ሰው ይሄን እንደ ብልሽት ያየዋል። እኔ ለሰው ፊት ከዚህ የተሻለ ብርሃን አላውቅም፤ ለስለስ ያለ ነው፣ ዓይንም አያስጨፍንም።

የኔ ምክር፦ ፀሐይዋን ማንሳት አቁሙና ፀሐይዋ የምታበራውን አንሱ። ከአምስት ደቂቃ በላይ ጀምበሯን አትከተሉ። ወደ ኋላ ዙሩ። ያን ጊዜ የቤቶቹ መስኮት፣ የሰዉ ፊት፣ ፎጣው ሁሉ ወርቅ መስሏል።

ጀምበሯ ከገባች በኋላ ያለውም ግማሽ ሰዓት ገደማ አለ። ሰማዩ ወደ ሰማያዊ ይሄዳል፣ የመንገድ መብራት ይበራል። አዲስ አበባ ቶሎ ይጨልማል፤ እንደ ዋሺንግተን ወይም ቴል አቪቭ ከምድር ወገብ በራቀ አገር ግን ድንግዝግዙ ቆየት ይላል። ሰው ፎቶውን ጨርሶ ወደ መኪናው ሲሄድ እናንተ ቆዩ። ጅዳ ኮርኒሽ ላይ ከሆናችሁ 260 ሜትር ወደ ላይ የሚተፋው የንጉሥ ፋህድ ፏፏቴ መብራቱ ሲበራ ከሰማዩ ጋር እኩል የሚደምቀው በዚህች ሰዓት ነው። ከዚያ በኋላ ሰማዩ ጥቁር ብቻ ነው።

ቀትርን አትናቁት

የፎቶ መምህራን ሁሉ «በቀትር አታንሱ» ይላሉ። ፊት ላይ ጥላ ይጥላል፣ ዓይን ይሰውራል፣ ያስጨፍናል። እውነት ነው። ግን የባሕር ዳር ኑሮ ያለው በቀትር ነው። ጃንጥላው፣ የፕላስቲክ ወንበሩ፣ ሐብሐቡ፣ ሕፃኑ ላይ የሚቀባው ክሬም፣ ቴል አቪቭ ላይ በእንጨት ራኬት ኳስ የሚላጉት ጎረምሶች፤ ይሄ ሁሉ ጀምበር ስትጠልቅ ተሰብስቦ ቦርሳ ገብቷል።

እንግሊዛዊው ማርቲን ፓር እ.ኤ.አ. ከ1983 እስከ 1985 ሊቨርፑል አጠገብ ያለችውን ኒው ብራይተንን ሲያነሳ ያደረገው ይሄንኑ ነው። በቀን ብርሃን ፍላሽ ተጠቀመ። ቀለሙን አደመቀው። የወደቀውን ቆሻሻ፣ አይስክሬም የሚያንጠባጥበውን ልጅ፣ የደከማትን እናት አነሳ። በዚያን ጊዜ ቁም ነገረኛ ፎቶ ጥቁርና ነጭ መሆን አለበት የሚባልበት አገር ነበር። ስሙ የተነሳው በዚህ ሥራ ነው።

ቀትርን የሚመርጥ ሰው ጥላውን እንደ ጠላት አይየው። ጃንጥላ አሸዋ ላይ የሚጥለው ክብ ጥላ ራሱ ፎቶ ነው። ፊት ማንሳት ከፈለጋችሁ ሰውዬውን ጥላ ውስጥ አስገቡት ወይም ፍላሽ አብሩ። የስልክ ፍላሽ በፀሐይ ከአንድ ሁለት ሜትር በላይ አይደርስም፤ ስለዚህ መቅረብ የግድ ነው። ዱባይ ላይ ግን ይሄን ከኅዳር እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ ሞክሩት። በሐምሌና ነሐሴ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። አፕል አይፎንን እስከ 35 ዲግሪ ባለ ሙቀት እንድትጠቀሙበት ነው የሚመክረው። ስልኩ ራሱ «ሞቀኝ» ብሎ ይዘጋል፤ እናንተም ብትዘጉ ይሻላል።

ዋናው ምርጫ፦ ከሰው ምን ያህል ትርቃላችሁ?

አንድ ነገር ብቻ ምረጡ ብባል ይሄን ነው የምመርጠው። ብርሃን በየቀኑ ይለዋወጣል። ካሜራ ይሸጣል፣ ይጠፋል። ከሰው የምትቆሙበት ርቀት ግን ጠባያችሁ ነው። ዓይን አፋር ሰውና ተጫዋች ሰው አንድ ባሕር ዳር ላይ አንድ ዓይነት ፎቶ አያነሱም፤ ማንሳትም የለባቸውም።

በባሕር ዳር ሥራቸው የሚታወቁ ፎቶ አንሺዎችን በዚህ መስመር ላይ መደርደር ይቻላል። ከሁሉ የሚቀርበው ፓር ነው። ቀጥሎ ሆላንዳዊቷ ሪኔኬ ዳይክስትራ አለች። እ.ኤ.አ. ከ1992 እስከ 1994 ድረስ በተለያዩ አገሮች ባሕር ዳር ላይ ወጣቶችን በዋና ልብስ፣ ቀጥ አድርጋ አቁማ አነሳች። ከኋላቸው ባሕርና ሰማይ ብቻ አለ። ታዳጊዎቹ እጃቸውን የት እንደሚያደርጉት ጨንቋቸዋል፤ የፎቶው ኃይል እሱ ላይ ነው። ጣሊያናዊው ማሲሞ ቪታሊ ደግሞ ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ አሸዋ ላይ ከፍ ያለ መቆሚያ እየተከለ፣ ከላይ ሆኖ በትልቅ ካሜራ መቶ ሁለት መቶ ሰው በአንድ ፎቶ ያነሳል። እያንዳንዱ ሰው ትንሽ ነው፤ ግን ሁሉም አንድ ነገር እያደረገ ነው። ከሁሉ የራቀው ጃፓናዊው ሂሮሺ ሱጊሞቶ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1980 ጀምሮ ባሕርን በጥቁርና ነጭ ሲያነሳ ሰው የለም፣ መርከብ የለም፣ ወፍ የለም። ግማሹ ውኃ፣ ግማሹ ሰማይ። በቃ።

አራቱም ባሕር ዳር ነው ያነሱት። የአንዱን ፎቶ ለሌላው የሚሰጥ ግን የለም።

እናንተስ? ሰው ጋ ሄዳችሁ ማውራት የሚቀላችሁ ከሆነ ቅረቡ። የምታነሱት ሰው አስመስሎ እንዲስቅ አታስገድዱት፤ ትንሽ አውሩትና ዝም ሲል አንሱት። የኛ ሰው ካያችሁ ደግሞ ነገሩ ቀላል ነው። «ሰላም ናችሁ? አንዴ ላንሳችሁ?» ማለት ይበቃል፤ ፎቶውን በቴሌግራም ወይም በዋትስአፕ እዚያው ላኩላቸው። ብዙ ጊዜ «ቆይ ፀጉሬን ላስተካክል» ይመጣል። ከተስተካከለው ፀጉር ይልቅ ሲያስተካክሉ ያለው ፎቶ ነው የሚያምረው።

መቅረብ የሚከብዳችሁ ከሆነ ራሳችሁን አታስገድዱ። ርቀት ፍርሃት አይደለም፣ ሌላ ዓይነት ፎቶ ነው። ግን ከፍ ያለ ቦታ ፈልጉ። ጃፋ ላይ ከድሮው ከተማ ኮረብታ ሆናችሁ የቴል አቪቭን ዳርቻ ከነሕንፃዎቹ ታዩታላችሁ። ኦሽን ሲቲ ላይ ወደ ባሕሩ የሚገባው የእንጨት ድልድይ አለ። ቤይሩት ላይ ራውሼ ጋ መንገዱ ከገደሉ በላይ ስለሆነ ከአለቶቹ በታች የሚቀዝፉትን ጀልባዎች ከላይ ታያላችሁ። ከፍታ ሰዎቹን ይለያያቸዋል፤ ከአሸዋው ደረጃ ስታነሱ ግን አንዱ በአንዱ ላይ ይደራረባል።

መካከለኛው ርቀት፣ ከአራት እስከ አስር ሜትር ያለው፣ አደገኛው ነው። ፊቱም አይታይ፣ ቦታውም አይታይ። ብዙ ፎቶ የሚከሽፈው እዚህ ነው። ወይ ሁለት እርምጃ ግቡ ወይ ሃያ እርምጃ ውጡ።

ስልካችሁ ላይ ያሉት ቁጥሮችም የርቀት ምርጫ ናቸው። ዋናው ሌንስ፣ 1 የሚለው፣ ብዙ ስልኮች ላይ ከ24 እስከ 26 ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ሌንሱ ሰፊ ቦታ ያሳያል። ሰፊ ነው፤ ማዕበሉን ያሳንሰዋል፣ ሩቅ ያለውን ሰው ነጥብ ያደርገዋል። 2 ስትሉት ወደ 50 ሚሊሜትር ይጠጋል፤ ማዕበሉ ከሰዉ ጀርባ ከፍ ብሎ ይታያል፣ የሩቁ ሕንፃ ይቀርባል። ዱባይ ካይት ቢች ላይ ሆናችሁ 321 ሜትር የሚረዝመውን ቡርጅ አል አረብን በ1 ካነሳችሁት የጥርስ መፋቂያ ነው የሚመስለው፤ በ2 ወይም በ3 ግን ከሰዎቹ ጀርባ ገዝፎ ይቆማል። 0.5 የሚለውን ለባሕር ዳር አልወደውም። ሰማይና አሸዋ ያበዛል፣ ጠርዝ ላይ ያለውን ሰው ይለጥጣል። አንዱን ቁጥር ያዙና አንድ ወቅት ሙሉ አትቀይሩት። እግራችሁ ዙም ያድርግ።

ሕጉንም አትርሱ። አሜሪካ ውስጥ በሕዝብ ባሕር ዳር ፎቶ ማንሳት በጥቅሉ የተፈቀደ ነው። እስራኤል ውስጥም ማንሳት ይቻላል፤ ሰውን የሚያዋርድ ፎቶ ማሠራጨት ግን እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣው የግላዊነት ሕግ ይከለክላል። የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ግን ጠንካራ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው የሳይበር ወንጀል ሕግ ሰውን ያለ ፈቃዱ ማንሳትን ያስቀጣል፤ እስራት ወይም ከ150 ሺህ ድርሃም የማያንስ ቅጣት አለው። ስለዚህ ዱባይ ያላችሁ ወይ አስፈቅዳችሁ ቅረቡ፣ ወይ ፊት የማይለይበት ርቀት ላይ ቁሙ። የሌላ ሰው ሕፃን በዋና ልብስ ማንሳት ደግሞ የትም አገር ወላጅ ሳይጠየቅ አይደረግም።

ፊት፣ ነጭ ቀሚስ እና አሸዋ

ይሄ ክፍል ከብዙ መመሪያ የሚጎድል ነው። ጠይም ወይም ጥቁር ፊት ነጭ አሸዋ ላይ ሲቆም ካሜራው ይሳሳታል። ካሜራ የሚያየውን ሁሉ አማካይ ግራጫ አድርጎ ይገምታል። አሸዋውና ሰማዩ ደማቅ ስለሆኑ ብርሃን ይቀንሳል፤ ፊቱ ይጠቁራል። መፍትሔው ቀላል ነው። ስልኩ ስክሪን ላይ ፊቱን ንኩት፣ የፀሐይ ምልክት ሲመጣ ወደ ላይ ግፉት። ጣታችሁን ፊቱ ላይ ትንሽ ካቆያችሁት ደግሞ ልኩ ይቆለፋል። ካሜራ ከያዛችሁ የኤክስፖዠር (የብርሃን መጠን) ማስተካከያውን ከ0.7 እስከ 1.3 ጨምሩ። ሰማዩ ትንሽ ይነጣል፤ ይንጣ።

ጀምበር ስትጠልቅ ግን እውነተኛ ምርጫ አለ። ባሕሩን ከፈለጋችሁ ፊቱ ይጨልማል። ፊቱን ከፈለጋችሁ ባሕሩ ይቀራል። ሰዉን ወደ ባሕሩ አዙሩትና እናንተ ከውኃው በኩል ቁሙ፤ ጠይም ቆዳ በዚያች ብርሃን የሚሆነውን ታያላችሁ። ከኋላ አሸዋና ከተማ ብቻ ነው የሚታየው። አብዛኛው ሰው «ታዲያ ባሕሩ የት አለ?» ይላል። እኔ ፊቱን እመርጣለሁ። ሁለቱንም የሚፈልግ በጎን ያቁመው፤ ግማሽ ፊት ይበራል፣ ግማሽ ባሕር ይታያል። ነጭ ነጠላ ያለው ሰው አጠገብ ካለ ከካሜራው ጎን ዘርግቶ ይያዘው፤ ብርሃኑን ወደ ጥቁሩ ጎን ይመልሰዋል።

የሐበሻ ቀሚስ ለብሶ ባሕር ዳር መነሳት የተለመደ ሆኗል፤ በተለይ ለሙሽራና ለልደት። እዚህ ላይ ከላይ ያልኩት ይገለበጣል። በቀትር ነጭ ጨርቅ ላይ ብርሃን ከጨመራችሁ ጥልፉም ጥለቱም ይጠፋል፤ አንድ ነጭ ነገር ብቻ ይቀራል። ለቀሚስ ጠዋትን ወይም ጥላን ምረጡ። ከጎን የሚመጣ የጠዋት ብርሃን የሽመናውን ድር ሳይቀር ያሳያል። ንፋሱም ጠዋት ብዙ ጊዜ ረገብ ይላል፤ ነጠላውን የሚይዝ ሰው አያስፈልግም።

ስልክ ለመግዛት ያሰባችሁ ይሄን ፈትኑበት። ለረጅም ዘመን የፎቶ ማጠቢያ ቤቶች ቀለም የሚያስተካክሉት የነጭ ሴት ፎቶ ባለበት ካርድ ነበር፤ የኛ ፊት በድሮ ፎቶ የሚጠቁረው አንድም በዚህ ነው። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2021 ከፒክስል 6 ጋር ሪል ቶን የሚለውን ሥራ ያወጣው ይሄን ለማረም ነው። ሌሎቹም ተሻሽለዋል። ግን ማስታወቂያ አትመኑ። ሱቅ ውስጥ አንድ ጠይም ጓደኛችሁን ነጭ ግድግዳ አጠገብ አቁማችሁ በሁለቱም ስልክ አንሱት። ልዩነቱ ያኔውኑ ይታያል።

ቀለም ወይስ ጥቁርና ነጭ?

በአጭሩ፦ ለባሕር ዳር ቀለም። ባሕር ዳር ላይ ቀለም ራሱ ወሬ ነው። ቢጫ ባልዲ፣ ቀይ ጃንጥላ፣ አረንጓዴ ጀልባ። ያን አውጥታችሁ ምን ይቀራል?

የሚቀር ነገር ካለ ጥቁርና ነጭ ይሂድ። ማዕበል፣ ደመና፣ ጉም፣ የሽማግሌ እጅ፣ እርጥብ አሸዋ ላይ ያለ የእግር ዱካ፤ እነዚህ ቀለም አይፈልጉም። ሰማዩ ደብዝዞ፣ ባሕሩ ግራጫ ሲሆንም ጥቁርና ነጭ ያድናል። ግን የከሸፈ የቀለም ፎቶን ለማዳን ወደ ጥቁርና ነጭ መቀየር ስታይል አይሆንም። ስልኩን ከመነሻው ጥቁርና ነጭ አድርጉትና በዚያ ዓይን ፈልጉ።

ቀለምን የሚመርጥ ሰው ደግሞ ማነስ ያለበትን ይወቅ። ኢትዮጵያዊቷን ፎቶ አንሺ አይዳ ሙሉነህን አስቡ፤ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ቢጫ፣ ነጭ። ዳሎል ጨው ላይ በውኃ ጉዳይ የሠራቻቸው ፎቶዎች ከሩቅ የሚታወቁት ቀለማቸው ጥቂትና ቁርጥ ያለ ስለሆነ ነው። እሷ ልብሱን ታዘጋጃለች፣ ቀለም ትቀባለች፤ እኛ ግን አሸዋ ላይ ያገኘነውን ነው የምናነሳው። ቢሆንም ዘዴው ይሠራል። ዛሬ ቀይ ነገር ብቻ እፈልጋለሁ ብላችሁ ውጡ። ከሰዓታት በኋላ ዓይናችሁ ሌላ ነው።

ላንጋኖ የሚሄዱ ጓደኞቼ «ውኃው ቡናማ ነው፣ አያምርም» ይላሉ። እኔ ቡናማውን ነው የምወደው። ሰማያዊ የሌለበት የባሕር ዳር ፎቶ የማን እንደሆነ ወዲያው ይለያል።

አሁን ካሜራው

ስልክ ለአብዛኛው ሰው ይበቃል። ኪስ ውስጥ ነው፣ ማንም አይፈራውም፣ ፎቶው ወዲያው ይላካል። ደካማነቱ ሩቅ ነገርና ጨለማ ላይ ነው። ውኃ አይገባውም የተባለ ስልክ የተፈተነው በንጹሕ ውኃ ነው፤ የባሕር ጨው ሌላ ነገር ነው። ከረጨው በንጹሕ ውኃ እርጥብ በሆነ ጨርቅ ጥረጉት፣ ቻርጅ ማድረጊያውን ሳይደርቅ አትሰኩ።

ውኃ ውስጥ ገብታችሁ ማንሳት ከፈለጋችሁ፣ ልጆች ያላችሁ ሰዎች በተለይ፣ ጠንካራ ትንሽ ካሜራ ይሻላል። ኦኤም ሲስተም ቲጂ-7 እስከ 15 ሜትር ጥልቀት ይገባል። የፎቶው ጥራት ከጥሩ ስልክ ብዙም አይበልጥም። ግን ከማዕበሉ ውስጥ ሆኖ ወደ ዳር የሚነሳ ፎቶ ስንት ሰው አለው? ርካሹ አማራጭ ውኃ የማይገባው አንድ ጊዜ የሚያገለግል የፊልም ካሜራ ነው፤ 27 ፎቶ ይሰጣል።

የኪስ ካሜራ ወዳጆች ሪኮ ጂአርን ያወድሳሉ። 28 ሚሊሜትር፣ ፈጣን፣ የማይታይ። ለከተማ ግሩም ነው። ለአሸዋ ግን አልመክረውም፤ አቧራ ወደ ውስጥ ይገባበታል፣ ከገባ ማጽዳቱ የባለሙያ ሥራ ነው። ፉጂ ኤክስ 100 ባለ 35 ሚሊሜትር ሌንስ ነው፣ ሌንሱ ስለማይቀየር ሌንስ ሲቀየር የሚገባው አሸዋ አያሰጋችሁም። ዋጋው ግን ከብዙ ሰው ደመወዝ በላይ ነው።

ሌንስ የሚቀየርለት ካሜራ ያላችሁ አንድ ሌንስ ቤት ውስጥ ግጠሙና እሱን ብቻ ይዛችሁ ውጡ። ዱባይ ላይ ደግሞ ከመኪናው ኤሲ ወጥታችሁ ወዲያው ካሜራ ካወጣችሁ ሌንሱን ጤዛ ይሸፍነዋል። ቦርሳው ውስጥ እንዳለ ሃያ ደቂቃ ያህል ይሙቅ። ፖላራይዘር ማጣሪያ ከገዛችሁ የውኃውን ነጸብራቅ ይቆርጣል፣ ሰማዩን ያጠልቀዋል። በደንብ የሚሠራው ፀሐይዋ በጎናችሁ ስትሆን ነው። ጀምበሯን ፊት ለፊት ለሚያነሳ ሰው ለሰማዩ የሚጨምረው ነገር የለም።

ፊልምስ? የምትቸኩሉ ሰዎች ከሆናችሁ ፊልም ያረጋጋል፤ 36 ፎቶ ብቻ እንዳለ ስታውቁ ጣታችሁ ይታገሳል። የቀለም ኔጋቲቭ፣ ለምሳሌ ኮዳክ ፖርትራ 400፣ ብርሃን ሲበዛበት ስለሚችል ለአሸዋ ምቹ ነው። ወጪው ግን አያልቅም፤ ፊልሙ፣ እጥበቱ፣ ስካኑ። አገር ቤት ስትሄዱ ኤርፖርት ላይ ያሉት አዲሶቹ ሲቲ ስካነሮች ፊልም ያበላሻሉ፤ በእጅ እንዲፈተሽላችሁ ጠይቁ።

ፊልተር ገዝቶ ወይስ በእጅ አስተካክሎ?

በኢንስታግራም የሚሸጡት ፕሪሴቶች (የፎቶን ቀለም በአንድ ንክኪ የሚቀይሩ ዝግጁ ማስተካከያዎች) ብዙ ጊዜ ባሕሩን ወደ አረንጓዴ ሰማያዊ፣ ቆዳውን ወደ ብርቱካን ይወስዱታል። እኛ ላይ ሲያርፉ ቆዳችን ጡብ ይመስላል። በእጅ አስተካክሉ። ብርሃን፣ ሙቀት፣ ንጽጽር፤ ከነዚህ ሦስቱ በላይ ለጀማሪ አያስፈልግም። አድማሱን አቅኑት። የተጋደለ ባሕር እንደ ስታይል የሚያልፍለት ሰው ጥቂት ነው፤ የስልኩን ፍርግርግ መስመር አብሩና ገና ስታነሱ ይቅና።

እንዴት ይወሰን?

ሁሉንም አንድ ላይ ሞክሩ አልልም። ሁለት ጥምረት ብቻ ምረጡ። ለምሳሌ፦ ጠዋት፣ ከሩቅ፣ በቀለም፣ በ2 ሌንስ። ይሄ ለዓይን አፋርና ለዱባይ ነዋሪ ይስማማል። ሌላው፦ ቀትር፣ ከቅርብ፣ በፍላሽ፣ በደማቅ ቀለም። ይሄ ለተጫዋች፣ ለቤተሰብ ሰው፣ ለኦሽን ሲቲ የእንጨት መንገድ ነው። ከምሽት በኋላ፣ ሰው የሌለበት፣ ጥቁርና ነጭ ደግሞ ብቻውን መሆን ለሚወድ ሰው ነው፤ ማቆሚያ ወይም የሚደገፉበት ግድግዳ ግን ያስፈልጋል።

በሁለቱም አንድ ቦታ ላይ አንሱ። ቦታ ከቀየራችሁ ለውጡ ከቦታው ይሁን ከእናንተ አይታወቅም። ከዚያ ከየወገኑ አስራ አምስት አስራ አምስት ፎቶ በ10 በ15 ሴንቲሜትር አሳትሙ፤ የፖስታ ካርድ መጠን ነው፣ ዋጋውም ትንሽ ነው። ስልክ ላይ ሁሉም ያምራል፤ ጠረጴዛ ላይ ሲዘረጋ ነው ደካማው የሚለየው። ሌላ ሰው እዚያ ቢቆም ሊያነሳው ይችል ነበር የምትሉትን አንሱና አስቀምጡ። የትኛው ወገን ብዙ ቀረለት?

ሁለቱ እኩል ከሆኑ ለኑሯችሁ የሚመቸውን ያዙ። ከሌሊት ፈረቃ የሚወጣ ሰው ጎህን ያለ ማንቂያ ደወል ያገኘዋል። ዕረፍቷ እሑድ ብቻ የሆነች ደግሞ የእሑዱን ሕዝብ ትያዝ፤ ኮርኒሹ በዚያ ቀን እንደሚሞላ ከማንም በላይ ታውቃለች። ልጅ ያለው ሰው ከቀትር ሌላ ሰዓት የለውም፤ ባልዲውንና ፍላሹን ይዞ ይውጣ።